የጎመንዘር ዘይት

ሄርሚነ የዘይቱን ጣሳ ዘንበል አድርጋ አየችው። በጦርነቱ የተነሳ ጀርመን ውስጥ የማሽን ዘይት ከጠፋ ወዲህ፣ የምትሠራበት ፋብሪካ አንድ ወታደር በእጁ ይዞ የሚተኩሳቸውን አዲሶቹን አጫጭር መትረየሶች የሚቀባው በጎመንዘር ዘይት ነበር። የቀረው አንድ ማንኪያ አይሞላም፤ ያልተቀባችውም መትረየስ አንዲት ናት። ልጇ ደግሞ የአንድ ሌሊት ፈቃድ አግኝቶ ማታ ከጦር ሜዳ ይገባል፤ ቤት ያለው ድንች ብቻ ነው።

«በብልቃጥ አድርጊና ጡትሽ መሃል ክተቻት» አለቻት አጠገቧ የምትሠራው ሁልዳ። «እኛ ድንቹን በምን የምንጠብስ መሰለሽ? ብረት እንደሆነ አይርበውም።»

«ደረቋን ከሄደች መሃል ተኩስ ላይ ጥይት ነክሳ ትቆማለች።»

«የልጅሽ እጅ የምትገባ ይመስል።»

«የአንዷ ልጅ እጅማ ትገባለች፣ እቴ።»

የሄርሚነ ክንድ ዝሎ ነበር፤ ለጭቅጭቅ አቅም አልነበራትም። ዘይቱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ መትረየሷ ላይ አንጠባጠበችና ደጋግማ አቀባብላ አለሰለሰቻት። «ጌታ ሆይ፣ የሚይዛትን ልጅ አንተ ጠብቀው» አለች እንደ ልማዷ። ከዚያ ለምሳ ያላትን ቁራሽ ዳቦ ከኪሷ አወጣችና ዘይት የነካቸውን ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ ዳቦው ላይ ጠረገች። የወዛውን ዳቦ በመሀረቧ ጠቅልላ ለልጇ መልሳ ኪሷ ከተተችው።