ነብር የተባለው ደም

ማክሰኞ ጠዋት በቤተ ሙከራው የነበሩት ዶክተር ምንይችል፣ ተማሪያቸው መክሊትና ቀልደኛው ቴክኒሺያን ልዑልሰገድ ናቸው።

የመክሊት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጉበት ወደ ደም የሚለቃቸውን ፕሮቲኖች አይቶ ጤነኛውን ከጉበት ታማሚው ይለያል። ከሰዓት በኋላ ፈታኞች ፊት ታቀርበዋለች፤ ከተሳሳተ ዘንድሮ አትመረቅም። ለማወዳደሪያ የሚሆን የጤነኛ ሰው ደም ስለጠፋ፣ የቤተ ሙከራው ሠራተኞች የራሳቸውን ሰጥተዋል። ማንነታቸው እንዳይታወቅም እያንዳንዳቸው በድብቅ የአውሬ ስም መርጠዋል።

ኮምፒውተሩ «ነብር»ን ከታማሚዎቹ ጋር መደበው።

«ኧረ ነብሩ አልጋ ያዘ!» ብሎ ሳቀ ልዑልሰገድ። «አንቺ፣ ፕሮግራምሽ ጠጥቶ ነው እንዴ የመጣው?»

«ደጋግሜ ሞከርኩት እኮ ልዑሌ፣ ያው ነው!» አለች መክሊት እንባዋን እየጠረገች።

ልዑልሰገድ አሁንም ይስቃል።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ ዶክተሩ። «ፕሮግራሙን እንደገና ትሠሪዋለሽ። ምረቃው ለከርሞ ይደርሳል።»

መክሊት ኮምፒውተሩን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ፣ አትዝጊው» አለ ልዑልሰገድ። ሳቁን አቁሟል። «ፕሮግራምሽ ልክ ነው። ነብር እኔ ነኝ። ሽንቴ ከጠቆረ ሰነበተ።»

ከሰዓት በኋላ መክሊት ፈተናውን አለፈች፤ ልዑልሰገድ ሆስፒታል አልጋ ያዘ።