«ለየሁ» በእንግሊዝኛ

አቶ ሐዱሽ ወደ እንቁ የመጡት ነሐሴ ውስጥ ነው። እንቁ ሩዋንዳ በሚባለው የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ክፍል ተከራይታ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ጃንጥላቸውን በር ላይ አራግፈው ገቡ። ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ መጋዘን ጭነት በየመዳረሻው የሚለዩ ሠራተኛ ናቸው። ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ይዘው ነበር የመጡት።

«ፈተና አለብኝ» አሉ። «መስከረም አሥራ ሁለት።»

እንቁ እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ለምዳለች። የፈረቃ ኃላፊነት ማስታወቂያ ሲወጣ ነባር ሠራተኞች ለቃለ መጠይቅ ይሯሯጣሉ። ስለዚህ ሌላ አልጠየቀችም።

«የቱ ይከብድዎታል?»

«‹ለየሁ› የሚለው። መዝገበ ቃላቱ አምስት ስድስት ቃል ይሰጠኛል፤ የቱን እንደምል አላውቅም።»

«ቀላል ነው። ዕቃውን በየዓይነቱ ከለዩት ሶርት ነው። በቅደም ተከተል ከደረደሩት አሬንጅ። በየምድቡ ከመደቡት ክላሲፋይ።»

አቶ ሐዱሽ ሦስቱንም በአማርኛ ፊደል ጻፉ።

«ዓይነታቸው አንድ ከሆነስ?»

«አንድ ዓይነት ከሆኑ መለየት ለምን ያስፈልጋል?»

«አንዱ ይሄዳል፤ አንዱ ይቀራል።»

እንቁ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ሴፓሬት ነው። አብሮ የነበረን ነገር ማለያየት።»

ይህንንም ጻፉ። ከዚያ ብዙ ሳይቆዩ ሰረዙት።

«ሶርት ይሻላል» አሉ። «ቀለል ይላል።»

«ቁም ነገሩ መቅለሉ አይደለም፤ ትክክል መሆኑ ነው።»

በሦስተኛው ሳምንት እንቁ ልምምድ ጀመረች። እሷ ፈታኝ ሆነች፤ እሳቸው ተፈታኝ።

«ለምን ይሄኛው ሄዶ ያኛው ቀረ?» ስትል በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው።

አቶ ሐዱሽ ደብተራቸውን ዘጉ። «አላውቅም» አሉ በእንግሊዝኛ። አነጋገራቸው እንከን አልነበረውም።

«እንደሱ ካሉማ ይጥሉዎታል! መስፈርት ይኖራል እኮ። ክብደት በሉት፣ ሁኔታው በሉት...»

«ክብደታቸው እኩል ነበር።»

«ታዲያ በምን መረጡ?»

«እጄ ላይ የነበረውን ሰጠሁ።»

እንቁ ብዕሯን አስቀመጠች። «ይሄንንስ ባይናገሩት ይሻላል።»

«ከጠየቁኝ እናገራለሁ።»

«ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል የለም? የሚያለማምድዎት?»

«ልጄ ጥሩ አድርጋ ትችላለች። ይሄን ግን ራሴ ነኝ መመለስ ያለብኝ።»

ግትር ሰው ናቸው ብላ አሰበች። ቢሆንም አዘነችላቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ዕቃ ሲለዩ ኖረው፣ በአንድ ቃል ሊወድቁ ነው። የመጨረሻው ዕለት «ቃሉ ከጠፋኝ እንድታስታውሺኝ አብረሽኝ ትመጫለሽ?» ሲሏት እሺ አለች።

መስከረም አሥራ ሁለት ጠዋት አቶ ሐዱሽ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው አውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ ጠበቋት። እንቁ ወደ መጋዘኑ ቢሮ የሚወስዷት መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ወደ መንገደኞች መውጫ በር መሯት። እዚያ ሃያ ዓመት ያለፋት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ግራ ጉንጯ ላይ ስርጉድ ያላት ልጅ ቆማለች።

«ልጄ ሣባ ናት» አሉ።

ሣባ የእንቁን እጅ ጨበጠች።

«ፈታኙ ከውጭ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለች እንቁ።

«አዎ፣ ከውጭ ነው» አሉ አቶ ሐዱሽ። ላባቸውን ጠረጉ። «ሴፓሬት ነበር ያልሽኝ፣ አይደል?»

«ሶርት ይሻላል ብለው አልነበር?»

«አይ። ትክክሉን ልበል።»

«እንግዲያው ሴፓሬት።»

አቶ ሐዱሽ ቃሉን ሁለት ጊዜ ለራሳቸው አሉት። ሣባ ክንዳቸውን ያዘች።

በሩ ተከፈተና፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ግራ ጉንጯ ላይ ስርጉድ ያላት ሌላ ሣባ ሻንጣዋን እየገፋች ወጣች።