የከበደው ፔዳል

ወይዘሮ ጥላነሽ የሟች ባላቸውን አሮጌ ፒካፕ ደብረ ማርቆስ ወዳለው የደመላሽ ጋራዥ ይዘው መጡ።

"የነዳጅ ፔዳሉ ከበደኝ፤ እናቴን ሐኪም ቤት የማመላልሰው በዚሁ ነው" አሉት።

ደመላሽ ፔዳሉን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን የሽቦ ካቦ በአዲስ ቀየረው፤ መጋጠሚያዎቹንም ዘይት ቀባቸው። ፔዳሉ ግን ያው ነው። ግራ ቢገባው ካቦውንም ፔዳሉን ወደ ላይ የሚመልሰውን ሞላም ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጣቸው። አሁን ፔዳሉን የሚይዘው ምንም ነገር የለም። በመዳፉ ሲጫነው ግን መልሶ ገፋው። ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ በባትሪ አየ፤ ባዶ ነው።

"እስቲ እርስዎ ይሞክሩት" አላቸው።

ወይዘሮ ጥላነሽ ገብተው ተቀመጡና ጫማቸውን አውልቀው ረገጡት። ፊታቸው ወዲያው ተለዋወጠ።

"ምነው እትዬ?"

"ይሞቃል" አሉ በሹክሹክታ፣ እግራቸውን ሳያነሱ። "ደመላሽ፣ ጣቶች አሉት።"