ለእማማ ይታይሽ የተነፋ ጥሩንባ

«በሉ፣ አሁን ቀስ ብላችሁ ተነሱ» አለች ዮጋ የምታሠራቸው ሰላማዊት። እሷ ምን አለባት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ገና አዲስ ነው።

አሥራ አንዱ አረጋውያን ከዕድሩ አዳራሽ ወለል ላይ አንድ በአንድ መነሳት ጀመሩ። ግድግዳ የያዘ አለ፣ የጎረቤቱን ትከሻ የያዘ አለ፣ «በስመ አብ» ብሎ በባዶ እጁ የሞከረም አለ። እማማ ይታይሽ ብቻ በጀርባቸው እንደተኙ ቀሩ። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ፣ ጆሯቸው በሩ ላይ ነው። በሩ ላይ ልጃቸው ፍቅርተ ቆማለች፤ ትናንት ከአዲስ አበባ መጥታ የእናቷን ሻንጣ ሳይቀር ስታሰናዳ ያደረችው።

ኅዳር ላይ እማማ ይታይሽ ጓሮ ወድቀው፣ መነሳት አቅቷቸው፣ ሰው እስኪደርስላቸው በደብረ ብርሃን ብርድ መሬት ላይ ቆይተው ነበር። አጥንታቸው ደህና ሆነ፤ ልባቸው ግን ፈራ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ቀረ፣ ማኅበር ቀረ፣ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ መጣ። ስልክ ሲደወል «ደህና ነኝ» ብለው ይዘጋሉ። ፍቅርተ ደግሞ በእናቷ የወጣች ቆራጥ ናት። «ከወለል ብቻሽን መነሳት ካልቻልሽ ብቻሽን አትኖሪም፤ እኔ ጋ ትመጫለሽ» አለች። እሷ ጋ ማለት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ጓሮ የለ፣ ጎመን የለ፣ የሚያሙት ጎረቤት የለ።

ሰላማዊት ከጤና ጣቢያ መጥታ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ዮጋ ማሠራት ስትጀምር ሰፈሩ «የማን አምልኮ ነው ደግሞ?» ብሎ ነበር። ጋሽ ዋሴ ገብተው አዩና «ምንም አይደል፣ በትምህርት የሚደረግ ማዛጋት ነው» ብለው ገላገሉት። ችግሩ ምንጣፍ ነበር። ሲሚንቶው እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ የዕድሩን የለቅሶ ድንኳን አራት አጥፈው አነጠፉት። «ስሞት ከላዬ ይትከሉት እንጂ በቁሜ አልተኛበትም» ያሉት እማማ ይታይሽ ናቸው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወንበር ላይ ሆነው እጃቸውን ሲያነሱና ሲጥሉ ከረሙ። ዛሬ ግን ፍቅርተ «ወንበር ላይማ ማንስ ያቅተዋል» አለች። ተኙ። ተኝተው ቀሩ።

«እማዬ፣ ልርዳሽ?» ፍቅርተ አንድ እግሯን አስገባች።

«እዚያው ሁኚ።»

«ተያት ልጄ» አሉ ጋሽ ዋሴ። ሠላሳ ዓመት የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ናቸው፤ ሰው ባረፈ ቁጥር በንጋት ሰፈሩን የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። «በዚህ ድንኳን ሥር ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ተኝቶበት ሲቀር ግን የመጀመሪያዋ እናትሽ ናት። ትንሽ ታጣጥመው።»

«አንተ ዋሴ፣ አታስቀኝ። ከሳቅሁ አቅም የለኝም።»

እማማ ይታይሽ ሰላማዊት እንዳስተማረቻቸው ወደ ጎን ተገለበጡ። ያኔ ድንኳኑ ላይ ቡናማውን ጥፍ አዩት። የመዳፍ ስፋት ያለው እራፊ፣ በወፍራም ክር የተጣፈ ነው። ያውቁታል። ባለቤታቸው ጌታሁን ያረፉ ጊዜ ድንኳኑ ግቢያቸው ውስጥ ተተክሎ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንጋጠው ሲያዩት የነበረው እሱን ነው። ሰው ሲመጣ እሱን፣ ሰው ሲሄድ እሱን። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ዓይናቸውን ሲከድኑ ብቅ ይል ነበር።

ዛሬ ከበታቻቸው ነው። መዳፋቸውን አሳረፉበት። ሸካራ ነው፤ ክሩ በአንድ በኩል ተተርትሯል።

«ምን ዓይነቱ ነው የጣፈው» አሉ ለራሳቸው።

«በረጅሙ ተንፍሱ እማማ» አለች ሰላማዊት። «አሁን እጅዎን ይጫኑት።»

ጥፉን ተጫኑት። አንዱ ጉልበታቸው ወለሉን ያዘ። ሁለተኛውም ያዘ። አንዱን እግር ወደፊት አውጥተው ሊነሱ ሲሉ ጭናቸው ተንቀጠቀጠና ተመልሰው ቁጭ አሉ። ፍቅርተ ሮጣ መጣች።

«እዚያው ሁኚ አልኩሽ» አሉ እናት፤ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ፍቅርተ የዘረጋችው እጇ አየር ላይ ቀረ።

እማማ ይታይሽ እንደገና ጀመሩ። መዳፍ ጥፉ ላይ። ጉልበት። እግር። ሰላማዊት እንኳ መተንፈስ ረስታ ነበር። ወገባቸው ቀስ ብሎ ቀና አለ፣ ትከሻቸው ተከተለ፣ በመጨረሻ ራሳቸው። የተፈታ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና ልጃቸውን አዩዋት።

ፍቅርተ ዓይኗን ጠረገች። «ሻንጣውን ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ጎመን ሞልተሽ ይዘሽው ሂጂ።»

ጋሽ ዋሴ ወደ ግድግዳው ሄዱና ጥሩንባውን ከሚስማሩ አወረዱ።

«ኧረ ጋሽ ዋሴ፣ ሰዉ ይደነግጣል» አለች ሰላማዊት።

«ሠላሳ ዓመት ለወደቀ ነፋሁ። አንዴ ለተነሳ ብነፋ ማን ይከሰኛል?»

ነፉት። መስኮቱ ተርገበገበ። ሁለተኛውን ሳይጨርሱ የሰፈሩ በር ሁሉ ተከፈተ። ሴቶቹ ለለቅሶ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዷ ሊጥ በእጇ፣ ሌላዋ ከወዲሁ እያለቀሰች ወደ አዳራሹ ጎረፉ።

«ማን ነው? ማን አረፈ?»

እማማ ይታይሽ ማንም ሳይደግፋቸው የአዳራሹ በር ደረጃ ላይ ወጡ።

«ይታይሽ ናት» አሉ። «ከወለል ብቻዋን ተነሳች።»

እያለቀሰች የመጣችው ሴትዮ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ነጠላዋንም ከትከሻዋ አውርዳ ገልብጣ ለበሰችው። ቀጥሎ ያለችውም ገለበጠች፤ ከዚያም ሌላዋ፤ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ጥለቱ ሁሉ ወደ ታች ተመለሰ።