ከአባቱ የሚበልጠው ልጅ

ካሣዬ ወስፌውን የጋሪ ፈረሱ ልጓም ላይ እንደሰካ ረስቶት ጆሮውን ለሬዲዮኑ ሰጠ። በድራማው አንድ ሽበታም ሰው፣ የጊዜ መኪና በሚሉት ነገር ወደ ኋላ ተጉዞ፣ እሱ ሳይወለድ የሞተ አባቱን ሊያገኝ በር እያንኳኳ ነበር።

«አባትየው ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ልጁ ሃምሳ» አለች ሚስቱ ፋናዬ ምስሯን እየለቀመች። «አንተ ብትሆን ምን ትለዋለህ? አንተ ነው፣ አንቱ ነው፣ ወይስ እንደ ቀበሌ ስብሰባ ጓድ?»

«እስቲ ዝም በይ፣ ልስማበት።»

«ጎረምሳን አንቱ ስትል አሰላ ሁሉ ይስቅብሃል።»

ካሣዬ አልሳቀም። የእሱም አባት ሚስቱን ነፍሰ ጡር ትቶ ጦር ሜዳ ቀርቷል፤ ስሙም የወጣለት ለእናቱ ካሣ ይሁናት ተብሎ ነው። ሌላው ሰው አባቱን ሲጠራ ሲሰማ ኖረ እንጂ እሱ አንድም ቀን አፉን አሟሽቶበት አያውቅም። የሬዲዮኑ ሽማግሌ ምን እንደሚል ሳይሰማ ንቅንቅ አይልም።

በሬዲዮኑ ውስጥ በሩ ሲጢጥ አለ። ቀድሞ የተናገረው ግን ወጣቱ አባት ነበር፤ በጨዋ ልጅ ደንብ፣ «ደህና ዋሉ አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለ።

«ጉድ ፈላ፣ ልጁን አባባ አለው» ብላ ፋናዬ በሳቅ ፈረሰች። ቀና ስትል ግን ባሏ ከበርጩማው ተነስቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ካሣዬ ቀደመው፦

«እርስዎን ነው።»