የአባ ፊጣ መዳፍ

አባ ፊጣ ዳቦውን ወደ ዘንቢላቸው አልከተቱትም። መዳፋቸው ላይ እንዳስቀመጡት ቆሙ። ሙሀጅር ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ መዳፋቸውን አየ። ጦርነቱ መንገድ ዘግቶ የዱቄት መኪና ከቀረ ወዲህ አጋሮ ውስጥ የዳቦ ዋጋ ያልጨመረ ዳቦ ቤት የእሱ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ይመርቀዋል። ከእያንዳንዱ ሊጥ ላይ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ እንደሚያስቀር፣ እንዳይነቃበትም እርሾ እያበዛ ዳቦውን ትልቅ እንደሚያስመስለው ግን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ሽማግሌው ደግሞ አርባ ዓመት ቡና ሲመዝኑ የኖሩ ናቸው። ጆንያ በእጃቸው ነካ አድርገው ኪሎውን ይናገሩ ነበር።

መዳፋቸው ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ። ሙሀጅር አንድ ዳቦ አንስቶ አቀበላቸው።

"ምራቂ ነው፣ አባ።"

"ሰልፉ ረጅም ነው" አሉና የተጨመረላቸውን መልሰው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

ከኋላቸው ልጅ ያዘለች ሴት፣ "በዚህ ክፉ ቀን ያልጨመረብን እሱ ብቻ ነው። አላህ ያቆይልን" አለች።

"አሚን" አሉ አባ ፊጣ፣ ዓይናቸውን ከሙሀጅር ላይ ሳያነሱ። ከዚያ ወደ እሱ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ከዚህ በታች ግን አታውርደው፣ ልጄ። አሚን ማለት ያቅተኛል።"