አዲሱ ጭስ ማውጫ

አብራሪው በሣር ሜዳው ላይ እንደገና ዞረ። ከብቶቹ አሁንም ማረፊያው ላይ ተጋድመዋል። ነዳጁ ሌላ ሜዳ ድረስ አያደርሰውም።

ከኋላው፣ ወልዳ ደሟ አልቆም ያለ ሴት ተኝታለች። በዚህች ትንሽ አውሮፕላን ስንቱን ሕመምተኛ አመላልሷል፤ ሲያቃስቱ ሲሰማ ግን ዛሬ ገና ነው። የሞተሩን አሮጌ ጭስ ማውጫ አስነቅሎ አዲስ ካስገጠመ ወዲህ ሳይጯጯሁ መነጋገር ተችሏል። ምነው ባልተቻለ አለ በልቡ።

«ምነው አናርፍም?» አለች ነርሷ የሴትዮዋን እጅ እንደያዘች። «እያመለጠችን እኮ ነው!»

«ከብቶቹን አታዪም እንዴ? እኚህ ሰውዬ የት ገቡ?»

ሰውዬው የሜዳው ዘበኛ ጋሽ አንጁሎ ናቸው። ዓይናቸው ቢደክምም፣ አውሮፕላኗ ገና ከተራራው ማዶ ሳለች ከብቱን አባረው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ይጠብቁት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው አያውቁም።

«ወይ ሞተዋል፣ ወይ ሰክረዋል!» መስኮቱን ከፍቶ ስማቸውን እየጠራ ጮኸ። ነፋሱ ድምፁን ከአፉ ነጠቀው።

ሞተሩ ትን አለው፤ ደግሞ ተነሣ። ሴትዮዋ ማቃሰቷን አቆመች።

«አየኋቸው!» አለች ነርሷ በመስኮቱ ቁልቁል እያየች። «ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል።»

«ተኝተው ነው?»

«አይ፣ አልተኙም። ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ያዳምጣሉ።»